«ደመወዝ፦ በስምምነት» የምትለዋን መስመር የምጽፋት እኔ ነበርኩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ለ14 ዓመታት በሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ሠርቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ለጋዜጣ የላክኋቸው የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያዎች ብዙ ናቸው። የሥራ መደቡን መጠሪያ፣ የሚፈለገውን ሰው ብዛት፣ የትምህርት ደረጃውን፣ የሥራ ልምዱን በጥንቃቄ እዘረዝርና ደመወዝ ላይ ስደርስ «በስምምነት» ብዬ አልፋለሁ። አንዳንዴም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ወይም «ማራኪ» እል ነበር።

ያን ቃል በምጽፍበት ሰዓት ደመወዙ ታውቆ ያደረ ነገር ነበር። ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት የቅጥር መጠየቂያ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ላይ የመደቡ መነሻና ጣሪያ ደመወዝ ይሰፍራል፣ ፋይናንስ በጀት መኖሩን አይቶ ይፈርማል፣ ሥራ አስኪያጁ ያጸድቃል። እኔም ያንን ቅጽ አጠገቤ ዘርግቼ ሁሉንም እገለብጣለሁ፤ አንዷን መስመር ብቻ እዘላለሁ። ቁጥሩን እኔ አውቄዋለሁ፣ አመልካቹ አያውቀውም፤ «በስምምነት» ማለት ይኸው ነው። አንደኛው ዓይኑን ገልጦ፣ ሌላው ዓይኑን ታስሮ የተደራደሩበትን ነገር ስምምነት ብሎ መጥራት ቃሉን መበደል ነው።

በአንድ ወቅት ለአንድ መደብ ሁለት የሂሳብ ሠራተኞች ቀጠርን፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ትምህርታቸው እኩል፣ የሥራ ልምዳቸው እኩል ነው። በጽሑፍ ፈተናው እንዲያውም እሷ በሦስት ነጥብ ትበልጠው ነበር። ሁለቱንም «አሁን ስንት ነው የሚከፈልህ? ስንት ነው የሚከፈልሽ?» ብዬ ጠየቅሁ። እሱ ደህና ከሚከፍል ድርጅት ስለመጣ ቁጥሩን ሳያቅማማ ተናገረና ጣሪያው አካባቢ ያለውን ጠየቀ፤ ሰጠነው። እሷ ከአንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት ነበር የመጣችው። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። መነሻውን ስነግራት ፊቷ በራ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ተነሥታ እጅ ነሣችኝ። እሱ የሚያገኘው ከእሷ ደመወዝ በሲሶ ይበልጥ ነበር፤ ይህንንም እኔ አውቅ ነበር። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ሁለት ዓመት ያህል ጎን ለጎን ተቀምጠው ሠሩ። አንድ ቀን የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ አንድ ገጽ ፕሪንተሩ ላይ ተረስቶ አገኘችውና ይዛው ቢሮዬ መጣች። አልጮኸችም። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ የሁለቱን ስም በጣቷ አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገችና «እኔ ምን ጎድሎብኝ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ስትቀጠሪ ዝቅ ያለ ቁጥር ስለነገርሽኝ ነው» ልላት አፌ እምቢ አለ። እውነቱ ግን ከዚያ ሌላ አልነበረም። በወሩ ለቀቀች። በእሷ ምትክ የሚቀጠር ሰው ለመፈለግ ማስታወቂያውን ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ፤ ደመወዝ፦ በስምምነት።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ደመወዝ ላይ ያለ ዝምታ ግን ይነቅዛል። የዛሬ አሥር ዓመት ዝቅ ተደርጎ የተከፈለው ሰው ሥራ በቀየረ ቁጥር «የቀድሞ ደመወዝህ ስንት ነበር?» እየተባለ ያንኑ ጉዳት ተሸክሞ ይዞራል። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ቀጣሪዎች የደመወዝ መጠን ሳያቀርቡ ይህን ጥያቄ እንዳይጠይቁ የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥታ በ2018 ሥራ ላይ ያዋለችው ለዚህ ነው።

በዚያችው አሜሪካ ወይዘሮ ሊሊ ሌድቤተር በአላባማ ግዛት በአንድ የጎማ ፋብሪካ ለ19 ዓመታት ያህል ሠርተዋል። በመጨረሻው ዘመናቸው ወርኃዊ ደመወዛቸው 3,727 ዶላር ሲሆን፣ በዚያው የሥራ መደብ ከነበሩት ወንዶች ዝቅተኛው ተከፋይ 4,286፣ ከፍተኛው 5,236 ዶላር ያገኝ ነበር። ይህንን ያወቁት ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በተወላቸው ብጫቂ ወረቀት ነው። ቢከሱም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ክሱ ደመወዙ ከተወሰነ በ180 ቀናት ውስጥ መቅረብ ነበረበት ብሎ ፈረደባቸው። የማያውቁትን በደል በምን ተአምር በ180 ቀናት ይከሳሉ? እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ሕጉ ተሻሽሎ በስማቸው ተሰየመ፤ ለእሳቸው ግን የቀረባቸውን ደመወዝ አልመለሰላቸውም።

ቁጥሩ ማስታወቂያ ላይ ይጻፍ ሲባል በስብሰባ ላይ የሚሰጠውን መልስ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። «ተፎካካሪ ያውቅብናል» ይባላል። ተፎካካሪማ ያውቃል፤ ከእኛ ለቆ ወደ እሱ የሄደው ሠራተኛ ሁሉ ነግሮታል። የሚፈሩት ውስጥ ያሉት ነባር ሠራተኞች እንዳያዩት ነው። አዲስ ለሚመጣው የተመደበው መነሻ ስምንት ዓመት ካገለገለው ሰው ደመወዝ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ማስታወቂያው ቁጥር ይዞ ከወጣ በማግስቱ በቢሮዬ በር ላይ ሰልፍ ይሆናል። ይህንን ወጪ አላቃልለውም፤ ብዙ ድርጅት ቅር የተሰኘውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስተካከል አይችልም። ግልጽነት ሁሉንም ከፍ ያደርጋል ብዬም አልዋሽም። በዴንማርክ የሴትና የወንድ ሠራተኞችን ደመወዝ ሪፖርት የሚያስደርገው እ.ኤ.አ. የ2006 ሕግ ከወጣ በኋላ የተደረገ ጥናት ልዩነቱ የጠበበው በአመዛኙ የወንዶቹ ጭማሪ ስለቀነሰ መሆኑን አሳይቷል። ቢሆንም ችግሩን ቁጥሩ አልፈጠረውም፤ ቀድሞም እዚያው ነበር፣ ቁጥሩ ያሳየዋል እንጂ።

ደግሞ ይቻላል። ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ማስታወቂያ ላይ ዝቅተኛው ክፍያ እንዲጻፍ ታስገድዳለች። የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት በ2021፣ የኒው ዮርክ ከተማ በኅዳር 2022 የደመወዙ መነሻና ጣሪያ እንዲገለጽ አዝዘዋል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ባወጣው መመሪያ አመልካቹ መነሻ ክፍያውን ወይም እርከኑን ከቃለ መጠይቅ በፊት እንዲያውቅ ደንግጓል፤ ለአባል አገሮቹ የሰጠው ቀነ ገደብ ሰኔ 2026 ነው። ብልጠት አይጠፋም፤ ኒው ዮርክ ላይ ሕጉ በጀመረ ሰሞን «ከ0 እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር» የሚል ማስታወቂያ ታይቶ ነበር፤ ድርጅቱ ስህተት ነው ብሎ አረመው። ስለዚህ የሚጻፈው ቁጥር ቅጹ ላይ የተፈረመው ራሱ መሆን አለበት፤ ያልተጣራ ይሁን የተጣራ፣ አበል ይጨምር አይጨምር ሳይባልም መቅረት የለበትም።

ከመልቀቄ በፊት ባወጣሁት የመጨረሻ ማስታወቂያ ሥራ አስኪያጃችንን ለምኜ ቁጥሩን አስገባሁ። የመጣው ማመልከቻ ከወትሮው ግማሽ አይሞላም። ለቃለ መጠይቅ የቀረቡት ግን ለምን እንደመጡ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ፈቃድ ጠይቀው፣ ማስረጃ ኮፒ አስደርገው፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው መጨረሻ ላይ «ይቺማ አሁን ከማገኘውም ታንሳለች» ብሎ አንገቱን ደፍቶ የወጣ አንድም አልነበረም። የተመረጠችው ሴት ቁጥሩ ላይ አልተደራደረችም። የጠየቀችው የእረፍት ቀኖቿን ብቻ ነው።

እናንተን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር አለ። ማስታወቂያ የምትቀበሉበት ቅጽ ላይ የደመወዝ መስመር አለ። ቁጥር ሳይሞላበት የመጣውን መልሱና «ይህችን ሞልታችሁ አምጡ» በሉ። ቁጥሩ በመሥሪያ ቤቱ ፋይል ውስጥ ተፈርሞ ተቀምጧል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅባቸውም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ