የጥንቱን ዘፈን የምናደምጠውም ሸማቾች ነን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እሑድ ጠዋት ቡና ሲፈላ ለዓመታት ስንከታተለው የኖርነው አንድ የኤፍ ኤም የጥንት ዘፈኖች ፕሮግራም ከ2 ሰዓት ወደ 30 ደቂቃ ወርዷል። ይህ ፕሮግራም የጥላሁን ገሠሠን ወይም የሒሩት በቀለን ዘፈን ለቆ ብቻ የሚያልፍ አልነበረም፤ ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ኦርኬስትራ እንዳጀበው፣ እንደ ሳህሌ ደጋጎ ያሉ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ምን እንደሠሩ ጭምር ያስረዳን ነበር። ስልክ ደውዬ ምክንያቱን ብጠይቅ፣ ስፖንሰር እንደጠፋና የማስታወቂያ ድርጅቶችም አድማጩ በዕድሜ የገፋ ነው እያሉ እንደሚመልሷቸው አዘጋጁ በትሕትና ነገሩኝ።

የአየር ሰዓት ገዝቶ የሚሠራ ሰው ያለማስታወቂያ መቆም እንደማይችል አላጣሁትም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮ ከተከለከለ ወዲህ የቢራ ፋብሪካዎች ገንዘብም ቀርቷል፤ ክልከላውን ግን ከልቤ እደግፋለሁ። ያልተቀበልኩት ሽማግሌ አይገዛም የሚለውን ስሌት ነው። በእኛ ቤት የጤፉንም የዘይቱንም ወጪ የምንወስነው እኔና ባለቤቴ ነን። የጡረታ አበሌ በባንክ ይገባል፤ ልጃችን ከውጭ የምትልከው ገንዘብም በእኔ ስም ይመጣል፤ መነጽርና የደም ግፊት መድኃኒት ሳልገዛ የማልፈው ጊዜ የለም። የልጅ ሠርግ ሲደርስ ድንኳን የሚከራየው፣ በሬ የሚገዛው ማን ሆነና ነው?

በተረፈችው 30 ደቂቃ እንኳ የብዙነሽ በቀለ ድምፅ መሐል ላይ ተቆርጦ የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ይገባል። ሲኒ እያጠበች አብራ የምታንጎራጉረው ባለቤቴ በዚያች ቅጽበት ዝም ትላለች፤ ዘፈኑ ቢመለስም እሷ አትመለስበትም።

ጉዳቱ የእኛ ብቻ አይደለም። የሙዚቃ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሆኖ ቆይቶ፣ ሙዚቃ አሳታሚው ዐምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደፍሮ በራሱ እስኪያሳትም ድረስ ከተዘፈኑት ብዙዎቹን የምናገኛቸው በሬዲዮ ጣቢያ የቴፕ ክር ላይ ነው። ሬዲዮ ካላሰማቸው የልጅ ልጆቼ ከየት ይሰሟቸዋል?

ስለዚህ ባንኮች፣ መነጽር ቤቶችና የማስታወቂያ ድርጅቶች የአየር ሰዓት ከመግዛታቸው በፊት በአንድ እሑድ ስቱዲዮ ተገኝተው፣ ደውሎ ዘፈን የሚመርጠው ሰው ስንት እንደሆነና ዕድሜው ምን ያህል እንደሆነ ራሳቸው እንዲቆጥሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጡረተኛ መምህር፣ ከአዲስ አበባ