ይድረስ ለወንድሜ ሙሉጌታ

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ዝም የተባባልነው ተኳርፈን አይደለም። መጀመሪያ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ከረመ፣ ኋላ ደግሞ የኑሮ ሩጫው አለ። ዛሬ ግን የሰፈራችን ነገር ሆዴን በላኝና ብዕር አነሳሁ።

አዲሱን የዓባይ ድልድይ በቴሌቪዥን ሳታየው አትቀርም። በግንቦት 2016 ተመረቀ። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የራሱ መንገድ አለው። አሮጌውን ታስታውሳለህ? መኪና ባለፈ ቁጥር ጠርዙ ላይ የምንለጠፍበትን? አሁን ቀኑ ቀዝቀዝ ሲል የባሕር ዳር ሰው በሙሉ እዚያ ነው። ሙሽራው፣ ሚዜው፣ ቆሎ ሻጩ፣ ሁሉም። እሰየው ነው።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አንዱን ጎረምሳ እዚያው ቆሞ ሳለ "ጨርቃጨርቅ ፋብሪካውን ማን ሠራው?" ብለው "ቻይና" አለኝ! ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው ካሳ መሠራቱን ማን ይንገረው? ጊዜው 1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫም የተሠራው ለዚሁ ፋብሪካና ለከተማው መብራት ነበር። የመጀመሪያው ጣቢያ አቅም 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ነው፤ ዛሬ ቢሰሙት ይስቃሉ። ያኔ ግን ከተማ አቆመ። ፖሊቴክኒኩም በሶቪየት እርዳታ በ1955 ተከፈተ። እኔን ከጠየቅኸኝ ባሕር ዳርን ባሕር ዳር ያደረጋት ከጣናው ይልቅ ይህ ሁሉ ነው። ጣናማ ድሮም ነበረ።

እናትህ ትዝ አሉኝ። ከሌሊት ፈረቃ ሲመለሱ ነጠላቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ተለጥፎ፣ ቤትም ገብተው ድምፃቸው አይቀንስም። የማሽኑን ጩኸት አሸንፎ ማውራት ለምዶባቸው ነው። የእኛን ጥፋት ጎረቤት ሁሉ የሚሰማው በዚያ ነበር! ደሞዝ የወጣ ቀን ደግሞ ሰፈሩ ወጥ ወጥ ይሸታል።

የውሃው ዳርቻ መልማቱን አልጠላሁም። ሳርና ወንበር ብቻውን ግን ለማንም ደሞዝ አይከፍልም። ቢያንስ እዚያ አንድ አሮጌ የፈትል ማሽን ቢያቆሙ፣ የሠራተኞቹን ፎቶ ቢሰቅሉ ምን ይከብዳል? ከሰፈሩ ልጆች ጋር ያገኘነውን እያሰባሰብን ነው። የሥራ ካርድ፣ የደሞዝ ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶ። ከሞላልን ለከተማው አስተዳደር ይዘን እንቀርባለን። ይሰሙናል ብዬ አልምልም፣ ግን እንሞክራለን።

የእናትህ የሥራ ካርድ አንተ ጋ ነው መሰለኝ። በስልክህ አንስተህ ላክልኝ፤ ጀርባውንም ጭምር፣ ፈረቃቸው እዚያ ላይ ተጽፏል። ለጥምቀት ከመጣህ ደግሞ ዋናውን ይዘኸው ና። ሆቴል ያዝኩ ስትል እንዳልሰማ!

ወንድምህ አዳነ