ድልድዩን ማን አቆየው?

ውድ አዘጋጅ፦

ስለ ጥንታዊ ሕንፃዎች ስትጽፉ ማን እንዳሠራቸውና መቼ እንደተሠሩ በደንብ ትነግሩናላችሁ። ከዚያ በኋላ ማን በምን ገንዘብ እንዳቆያቸው ግን እምብዛም አታነሡም። ይህን ለማለት ያነሣሣኝ የምኖርበት የስኮትላንዱ ከተማ አበርዲን ያለው የባልጋውኒ ድልድይ ነው።

ድልድዩ በዶን ወንዝ ላይ ነው። ሥራው በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ተጀምሮ፣ በ14ኛው መጀመሪያ ላይ አለቀ። ማስጨረሻውን የሰጠው ንጉሥ ሮበርት ብሩስ ነው ይባላል። ከሲተን ፓርክ ተነሥታችሁ ወንዙን ይዛችሁ ወደ ባሕሩ ስትወርዱ፣ ዛፎቹ ገለጥ ሲሉ ታዩታላችሁ። ጫፉ ሾጠጥ ያለ አንድ ትልቅ የድንጋይ ቅስት ነው። ወንዙን በአንዴ ይሻገረዋል፤ መሐል ላይ የሚደግፈው ምሰሶ የለም። በጣም ያምራል!

ባለቅኔው ሎርድ ባይረን በልጅነቱ አበርዲን ይኖር ነበር። ለእናቱ አንድ የሆነ ልጅ፣ ለእናቷ አንድ በሆነች ፈረስ ላይ ተቀምጦ ቢሻገር ድልድዩ ይፈርሳል የሚል የቆየ ትንቢት ነበር። እሱም ለእናቱ አንድ ነበርና ሲሻገር ይፈራ እንደነበር ካደገ በኋላ ጽፏል።

ድልድዩ ግን በትንቢት ሳይሆን በእርጅና ሊፈርስ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1605 ሰር አሌክሳንደር ሄይ የተባሉ ሰው ከርስታቸው የሚገኝ ገቢ ለጥገናው እንዲውል ሰጡ። ገንዘቡ በዓመት ከሁለት ፓውንድ ብዙም የሚበልጥ አልነበረም። ትልቁ ነገር ለድልድዩ ተብሎ ለብቻው መቀመጡና በየዓመቱ መግባቱ ነው። ከጥገና የተረፈው እየተጠራቀመ ሄደ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1830 ትንሽ ዝቅ ብሎ የተከፈተው ሰፊው የዶን ድልድይ የተሠራው በዚሁ ገንዘብ ነው። አሮጌው ድልድይ የራሱን ተተኪ አሠራ ማለት ነው! ከዚያ ወዲህ የከባዱ ጭነት መንገድ ወደ አዲሱ ዞሯል። ዛሬ በአሮጌው ላይ መኪና አያልፍም፤ እግረኛና ብስክሌት ብቻ።

እኔን የሚገርመኝ ከንጉሡ ይልቅ ሄይ ናቸው። ለግንባታ የሚሰጥ ሰው ይገኛል፤ ምረቃ አለ፣ ስም ይጻፍለታል። ከተሠራ ሦስት መቶ ዓመት ለሆነው ድልድይ ማያያዣ ኖራና ለግንበኛ ደመወዝ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ ስለ አንድ ቅርስ በምትዘግቡበት ጊዜ ኃላፊዎቹን ይህን ጠይቁልን፦ ለጥገናው ብቻ የተመደበ ገንዘብ አለ? በየዓመቱ ይገባል? ሒሳቡንስ ማን ያየዋል? መልሱንም ከፎቶው ሥር አትሙት።

አክባሪያችሁ፣
ከአበርዲን፣ ስኮትላንድ