ቶርክ ቁልፉ ብቻውን ቴስታታ አያትምም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አሮጌ መኪና ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን (ከክዳኑ ሥር የሚገባው ማተሚያ) አቀያየር ባወጣችሁት ጽሑፍ «ብሎኑን በቶርክ ቁልፍ ልኩ ላይ ማድረስ ይበቃል» ተብሏል። አይበቃም። ቁልፉ የሚለካው ብሎኑን ለማዞር የወጣውን ጉልበት ነው። ከዚያ ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ በጥርሱና በብሎኑ ራስ ሥር በፍትጊያ ያልቃል፤ ቴስታታውን ለመጭመቅ የሚተርፈው 10 በመቶ ገደማ ነው። ጥርሱ ከዛገ ቁልፉ ልኩ እንደደረሰ ሁሉ «ቀጭ» ይላል፣ ቴስታታው ግን ገና ልል ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከቀዳዳዎቹ ነው። ጥርሳቸው ይጸዳ፣ ውስጣቸው በአየር ይነፋ። መጨረሻው ድፍን በሆነ ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ ብሎኑ ሲወርድ ፈሳሹ መሄጃ ያጣና ሞኖብሎኩን (ቴስታታው የሚቀመጥበትን የሞተር አካል) እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። ማኑዋሉ በደረቁ ካላለ በቀር ጥርሱን በስሱ ዘይት መቀባት ነው።

አሮጌው ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖረው ስለሚችል አርጥቦ በእጅ መፋቅ ይሻላል። በድሪል የሚዞር የአሸዋ ዲስክ ጨርሶ አይነካው፤ አሉሚኒየሙን ይሰረጉደዋል፣ ብናኙም ከዘይቱ ጋር ዞሮ ብሮንዚና (የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚዞርበትን ስስ መቀመጫ) ይበላል። ቀጥሎ ቀጥ ያለ ብረት በቴስታታው ፊት ላይ በቁመት፣ በወርድና በሰያፍ አጋድሞ በፊለር ጌጅ (ስስ የብረት ምላሶች ባሉት የክፍተት መለኪያ) መለካት ነው። 0.05 ሚሊ ሜትሩ ምላስ ሾልኮ ካለፈ የፋብሪካውን ገደብ አይቶ ሬቲፊካ (ፊቱ በማሽን የሚስተካከልበት ቤት) ማስገባት ሊያስፈልግ ይችላል። ሞኖብሎኩም ይለካ፤ ብሎን ለዓመታት የሳበው የቀዳዳ ዙሪያ ጉብ ይላል፣ ብዙ ሰው ግን ቴስታታውን ብቻ ለክቶ ያልፋል።

እንደ ፔጆ 404 ውሃ በቀጥታ የሚነካው ተነቃይ ካሚቻ (ፒስተን የሚመላለስበት ሲሊንደር) ባላቸው ሞተሮች ላይ ቴስታታው ከተነሳ በኋላ ክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ማዞር ክልክል ነው። ካሚቻው ነቅነቅ ካለ ታች ያለው ማተሚያ ይለቅና ውሃ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል። በሮንዴላና በብሎን ጫን አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል።

የድሮውን 998 ሲሲ ሚኒ መኪና እንውሰድ። ጓርኒሲዮኑ ማስቲሽ ሳይቀባ፣ «ቶፕ» የሚለው ጽሑፍ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል። ዳዶዎቹ ከመሃል ወደ ዳር በ20፣ በ30፣ በመጨረሻም በ40 ፓውንድ ጫማ ይጠብቃሉ፤ ይህም 54 ኒውተን ሜትር ያህል ነው።

ጽሑፋችሁ የዘለለው ትልቁ ነገር ዳግም ማጥበቅ ነው። የድሮው ዓይነት ጓርኒሲዮን ሞተሩ አንዴ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ይሟሽሻል። ያኔ በዚያው ቅደም ተከተል አንዱን ዳዶ ብቻ ጥቂት አላልቶ ወደ 40 መመለስ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ነው። ሳይላላ ከተሞከረ የተጣበቀው ጥርስ ያታልላል። አንዳንድ አዳዲስ ጓርኒሲዮኖች ዳግም አይጠብቁም፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማየት ነው።

ከዳግም ጥበቃው በኋላ ፑንተሪያ (የቫልቭ ክፍተት) ይስተካከል፤ ለሚኒው ሞተር ቀዝቅዞ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ቴስታታው ዝቅ ሲል ክፍተቱ ይጠባል፣ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ያቃተው ቫልቭም ይቃጠላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዓምዳችሁ ተከታታይ