ለእህቴ፦ ስለ ጤነኛ የጡት ሴሎች ጥያቄሽ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ለእማዬና ለቤተሰቡ ሁሉ የናፍቆት ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የጡትን የወተት ቱቦ የሚያሳድግ ከሆነ የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያሉት ጤነኛ ሴሎች ለምን ዝም አሉት ብለሽ መጠየቅሽ ደስ አሰኝቶኛል። ኢስትሮጅንን የሚቀበለው ሴልና የሚባዛው ሴል አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ተቀባዩ ሴል አምፊሬጉሊን የተባለ የዕድገት ፕሮቲን (ግሮውዝ ፋክተር) ይሠራል። አዳም17 የተባለው ኢንዛይም ቆርጦ ሲለቀው፣ በቱቦው ዙሪያ ባለው ተያያዥ ሥጋ ውስጥ ኢጂኤፍ የተባለው ሌላ የዕድገት ፕሮቲን የሚያዝበትን ተቀባይ ይቀሰቅሳል። ከዚያ ደግሞ ኤፍጂኤፍ የተባሉት የዕድገት ፕሮቲኖች ከሥጋው ተመልሰው የቱቦውን ጫፍ ያበዛሉ። የዕድገት ሆርሞንም በዚሁ ሥጋ ውስጥ አይጂኤፍ-1 የተባለ የዕድገት ፕሮቲን ያስመርታል፤ አይጂኤፍ-1 በሌላቸው አይጦች ላይ ኢስትሮጅን ቱቦ ማስረዘም አልቻለም። ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለው ፕሮቲን በበኩሉ ዕድገቱን ያግዳል፤ ቱቦዎቹ ተራርቀው የሚያድጉት በእሱ ነው። በእርግዝና ጊዜ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ራንክ-ኤል በተባለ ፕሮቲን በኩል፣ ፕሮላክቲን የተባለው ደግሞ ስታት5 በተባለ ፕሮቲን በኩል ወተት አመንጪዎቹን ከረጢቶች ያዘጋጃሉ።

ስለዚህ ሳህኑ ላይ የጎረቤቶቹን ሥራ የምትሠሪው አንቺ ነሽ። ኤምሲኤፍ-10ኤ ለተባሉት ካንሰር ያልሆኑ የጡት ሴሎች የተለመደው ምግብ በአንድ ሚሊሊትር ኢጂኤፍ 20 ናኖግራም፣ ኢንሱሊን 10 ማይክሮግራም፣ ሃይድሮኮርቲዞን 0.5 ማይክሮግራም፣ የኮሌራ መርዝ 100 ናኖግራም፣ በላዩ 5% የፈረስ ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ነው። ኢንሱሊኑ ላይ ቆም በይ! በዚህ መጠን የአይጂኤፍ-1ንም ተቀባይ ስለሚቀሰቅስ፣ አይጂኤፍ-1 ብትጨምሪ ለውጥ ላታዪ ትችያለሽ። እሱን ለመፈተን ኢንሱሊኑንና ሴረሙን አስቀድመሽ አውጪ።

በማትሪጀል (ሴሎች የሚያድጉበት ጄል) ላይ ስታሳድጊ ኢጂኤፉን ወደ 5 ናኖግራም፣ ሴረሙን ወደ 2% አውርጂ፤ ምግቡንም በየ4 ቀኑ ቀይሪ። ሴሎቹ የሚሠሯቸው ክብ ቅርጾች ውስጣቸው ባዶ ሆኖ የሚታየው ወደ 3ኛው ሳምንት ገደማ ነውና ቶሎ አትፍረጂ። ማትሪጀል ራሱ ግሮውዝ ፋክተር አለበት፤ የተቀነሰለትን ዓይነት ምረጪ። ሌሊቱን በ4 ዲግሪ አቅልጪው፤ ስትሠሪም ከበረዶ ላይ አታንሺው፣ ከ10 ዲግሪ በላይ መርጋት ይጀምራል።

ሴሎቹ ድንገት ማደግ ቢያቆሙ መጀመሪያ የምጠረጥረው ደጋግሞ የቀዘቀዘና የቀለጠ ኢጂኤፍ ነው። አንዴ የሚበቃውን ያህል በትንንሽ ቱቦ ከፋፍለሽ አስቀምጪ፤ ፕሮቲኑ ፕላስቲክ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀርም 0.1% አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ጨምሪበት። ቲጂኤፍ-ቤታ ግን በውኃ ብቻ አይሟሟልሽም፤ 4 ሚሊሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከአልቡሚን ጋር ያስፈልገዋል።

ኢንሱሊኑን ቀንሰሽ ያገኘሽውን ጻፊልኝ።

የሚወድሽ ወንድምሽ