ለእረፍት ወደ ቆላ ስለሚሄዱ ተማሪዎችና ስለ ወባ

አዲስ አበባ፣ አራዳ ክፍለ ከተማ
ጥር 2017 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ሲያበቃ ብዙ ልጆች ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ባሕር ዳር፣ አርባ ምንጭ፣ መተሐራና ድሬዳዋ ይሄዳሉ። ይሂዱ፤ አያትን መጠየቅ ከየትኛውም የእረፍት የቤት ሥራ ይበልጣል። እኔን ያሳሰበኝ ከተመለሱ በኋላ ያለው ጊዜ ነው።

አራት ኪሎ ላይ ተቀምጦ ወባን የቆላ ሰው ጣጣ አድርጎ ማየት ይቀናናል። እርግጥ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የምትበልጥ በመሆኗ ቅዝቃዜው ለወባ መተላለፍ አይመችም። ትንኟ ደጋ ባትወጣም የተነከሰው ልጅ ግን አውቶቡስ ተሳፍሮ ይመጣል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከንክሻው ከ10 እስከ 15 ቀን ቆይቶ ስለሚጀምር ትኩሳቱ የሚነሳው እዚህ፣ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው። በከተማችን ትኩሳት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ጉንፋን ወይም ታይፎይድ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ወደ ከባድ ሕመም ሊሸጋገር ይችላል።

ስለዚህ ልጁ ካተኮሰው ለጤና ባለሙያው ከሁሉ አስቀድማችሁ የት ሄዶ እንደነበር ንገሩ፤ የደም ምርመራም ጠይቁ። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል የክረምቱንም ጉዞ አትርሱ። ከሌላ ሰው የተረፈ የወባ እንክብል ግን እባካችሁ አትስጡ። የሁለቱ ዓይነቶች ሕክምና አንድ አይደለም፤ ከዚህም በላይ ዋነኛውን መድኃኒት አርቴሚሲኒንን በከፊል የሚቋቋሙ ተሕዋስያን ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ታይተዋል።

ክትባት አለ እየተባለ ይህ ሁሉ ስጋት ለምን እንደሆነ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለት ክትባቶችን ማጽደቁ እውነት ነው፤ የተዘጋጁት ግን ከአምስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ላሉ ሕፃናት እንጂ ለእኛ ተማሪዎች አይደለም። ሌላም የምሥራች አለ፤ ግብፅ ከመቶ ዓመት ገደማ ትግል በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከወባ ነፃ መሆኗ ተረጋግጦላታል። ይሁንና በድርጅቱ ግምት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም 263 ሚሊዮን ሰዎች በወባ ታመው 597 ሺህ ያህሉ ሞተዋል፤ ከሟቾቹ የሚበዙት የአፍሪካ ሕፃናት ናቸው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

ድሬዳዋ የሚሄዱ ቤተሰቦች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከእስያ የመጣች ትንኝ እንደ ነባሮቹ ረግረግ ብቻ አትፈልግም፤ በበርሜል፣ በታንከርና በግንባታ ቦታ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችውም እሷ ናት። ከተማ መሃል ነን ብላችሁ አጎበር አትተዉ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን ቅጽ የሚሄዱበትን ቦታ ጽፋችሁ ከእረፍቱ በፊት ለክፍል ኃላፊው መምህር መልሱልን። ቅጹ የሚቀመጠው ነርሳችን ዘንድ ነው፤ ልጅ ክፍል ውስጥ ሲያተኩሰው እናንተን በስልክ እስክናገኝ መጠበቅ አይኖርብንም። ለምርመራ የቀረ ተማሪ እንደ ቀሪ አይቆጠርበትም፤ ያመለጠውንም ፈተና በሌላ ቀን ይፈተናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር