ቅዳሜን አታሳልፍ

ልጄ ሚኪ፣

እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። የእናትህ ጉልበትም ከክረምቱ ወዲህ ሻል ብሎታል።

ትናንት ማታ እህትህ ደውላ ነገረችኝ። አምባሩን አስይዘሃል። እናትህ ቦሌ ላይ ከእጇ አውልቃ ኪስህ ውስጥ የከተተችውን አምባር፣ እዚያ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ፣ ፓውን ሾፕ ለሚሉት የመያዣ ሱቅ ሰጥተህ 600 ዶላር ወስደሃል። እህትህን እንዳትቆጣት። ጨንቋት ነው የነገረችኝ።

እኔም አልቆጣህም። መኪናህ ተበላሽቶ ሥራ መቅረትህን ሰምቻለሁ። ሰው ሲቸግረው ያስይዛል። እኔ ራሴ በመያዣ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ግን የመክፈያው ቀን መቼ ነው ብዬ ስጠይቃት «ቅዳሜ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ልጄ፣ ቅዳሜን አታሳልፍ።

አያትህ ዶሮ ማነቂያ ጠላ እየሸጠች እንዳሳደገችን ታውቃለህ። የጋኖቹን ክፍል በልጅነትህ አይተኸዋል። የማታውቀው ጠላው በምን ገንዘብ ይጠነሰስ እንደነበር ነው። ገብሱም ጌሾውም ከመርካቶ የሚገዛው በእጅ በእጅ ነው። ጠጪው ደግሞ የሚከፍለው ደሞዝ ሲወጣ ነው። እስከዚያ የምታደርሳት የአንገቷ መስቀል ነበረች። አባቷ ከሰጧት ሦስት ጠገራ ብር አንጥረኛ አቅልጦ የሠራት መስቀል ናት። ጠገራውን ታውቀዋለህ፣ የሴትዮዋ መልክ ያለበት፣ መቼም ይሠራ መቼ 1780 የሚል ቁጥር የማይለየው ማርትሬዛ። መስቀሏ በወሩ መጨረሻ አካባቢ ወደ አረቡ ቤት ትሄዳለች። ደሞዝ ሲወጣ ትመለሳለች። ወሳጅም መላሽም እኔ ነበርኩ።

አረቡ ቤት የምንለው ሱቁን ነው። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ የአረብ ሱቅ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብድ ነበር። ከሐድረሞትም ከሌላውም የየመን አገር የመጡ ሰዎች ናቸው። የእኛ ሰፈሩ ባለሱቅ በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ ያደገ ነው። ሚስቱ የሐረር ሴት ናት። ልጆቻቸው ከእኛ ጋር ብይ ይጫወታሉ፣ እንደኛው ይሰዳደባሉ። ሱቁ ከፊት ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙናና ላምባ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ መያዣው አለ። የነሐስ ሙቀጫ፣ ካፖርት፣ የእጅ ሰዓት፣ ራዲዮ፣ ጥልፍ ቀሚስ። ሁሉም በጨርቅ ይቋጠርና ቁራጭ ወረቀት ይታሰርበታል። ደብተሩን የምትይዘው ትልቋ ልጃቸው ነበረች። ከቀኝ ወደ ግራ በአረብኛ ትጽፋለች። አንድ ቀን የእናቴን ስም በጣቷ አሳየችኝ። በጣም ነበር የገረመኝ፣ ያ ሁሉ ጠመዝማዛ እናቴ መሆኗ።

ወለድ አይቀበሉም፣ ሃይማኖታቸው ይከለክላል። በዱቤ በሚሰጡት ስኳር ላይ ሳንቲም ጣል ያደርጉ ይሆናል እንጂ በመያዣው ላይ ምንም አይጨምሩም። ቀኑ ሲደርስ ከልጆቹ አንዱ ቤት ድረስ መጥቶ «አባዬ ነገ ነው ብሏል» ይላል። ከሁሉ የማልረሳው የጥምቀት ዋዜማን ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ቀሚሳቸውን ያስያዙ ሴቶች አመሻሹ ላይ በጓሮ በር ይገባሉ። ባለሱቋ ቋጠሮውን ፈትታ የራሳቸውን ቀሚስ ታውሳቸዋለች። ለብሰው ጃንሜዳ ይወርዳሉ። የሚካኤል ታቦት ከገባ በኋላ አጥበው፣ አጣጥፈው ይመልሱላታል። አንዲት ሴት እንኳ ወስዳ ስትቀር አላየሁም። ሰፈሩ ውስጥ ማን የተያዘ ቀሚስ እንደለበሰ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ለማንም ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ወደ ፒያሳ መውጫው ላይ ደግሞ አራጣ አበዳሪዎቹ ነበሩ። ባልና ሚስት ናቸው። ለመቶ ብር በወር አሥር። አራጣ ያኔም ዛሬም በሕግ ወንጀል ነው፣ ግን ማን ከሶ? ቤታቸው ቡና አይጠፋም፣ ሰው በክብር ይቀመጣል። ቀኑ ባለፈ ማግስት ግን ወርቁን ፒያሳ ወርቅ ቤት ሄደህ ፈልገው። አያትህ ያንን በር ረግጣ አታውቅም። «ልጄ፣ ቡናቸው ይጣፍጣል፣ አትጠጣ» ትለኝ ነበር።

እህትህ የላከችልኝን የወረቀቱን ፎቶ በመነጽር አየሁት። በወር 5 በመቶ ይላል። 5 ትንሽ ይመስላል፣ አትታለል። 600 ዶላር በወር 30 ይወልዳል። በዓመት 360 ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተዋዋዮች ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያሳልፉ ይከለክላል። አንተ በዓመት 60 በመቶ ልትከፍል ነው። ደግሞም የዚያ ሱቅ ሰው ጎረቤትህ አይደለም። ልጁን ልኮ ነገ ነው አይልህም። ስለዚህ ቅዳሜን አታሳልፍ።

አሁን ለእናትህም ያልነገርኳትን ልንገርህ።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ አረቦቹ ሱቃቸውን እየዘጉ መውጣት ጀመሩ። የእኛዎቹ ተራ በ1968 ደረሰ። ባለሱቁ ሰፈሩን በሙሉ አስጠርቶ፣ ዕቃ ያላችሁ እስከ ቅዳሜ ውሰዱ፣ ከዚያ በኋላ አልገኝም አለ። አያትህ 12 ብር ለቃቅማ በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝ። 15 ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሐረቡን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ የሰፈር ልጆች አገኙኝ። ሲኒማ ኢትዮጵያ የህንድ ፊልም አለ አሉ። ገባሁ። ለጓደኞቼም ከፈልኩላቸው። ስንወጣ መሽቷል፣ ብሩም ጎድሏል። ሰኞ ከየትም ሞልቼ እሄዳለሁ አልኩ ለራሴ።

ለአያትህ «ሱቁ ተዘግቷል» አልኳት። ሰኞ ስሄድ እውነትም ተዘግቷል። ባዶ ነበር። መጋረጃው እንኳ የለም።

መስቀሏን አይደለም የሚቆጨኝ። መስቀሏም ትቆጨኛለች። ከዚያ የባሰ ግን አለ። አያትህ አረቡ መስቀሌን ይዞብኝ ጠፋ ብላ አመነች። እስክትሞት ድረስ ሌባ ስትለው ኖረች። ቡና በተፈላ ቁጥር፣ ጥምቀት በመጣ ቁጥር። አንዲት ጎረቤታችን ግን ባለሱቁ ያን ቅዳሜ ፋኖሱን ለኩሶ እስከ እኩለ ሌሊት ሰው ሲጠብቅ እንደነበር ነግራኛለች። የአያትህንም ስም ጠርቶ «አልመጣችም?» ብሎ ጠይቋታል። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ የሰውየው ስም ይነጻ ነበር። እናቴ ከተቀበረች በኋላ ለማን ልናገር? በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ሄጄ ሱቁ የነበረበት ቦታ ላይ ቆምኩ። አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነው። ይቅርታ የምለው ሰው የለም።

ስለዚህ ምክር ብቻ አይደለም የምጽፍልህ። ቅዳሜን እኔ አሳልፌዋለሁ፣ አንተ አታሳልፈው።

አሁን የምልህን አድርግ። ቅዳሜን አትጠብቅ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ሂድ። ከመሄድህ በፊት ደውለህ ስንት ሰዓት እንደሚዘጉ ጠይቅ። ወረቀቱንና መታወቂያህን አትርሳ። እህትህ 300 ትልክልሃለች፣ ተነጋግረናል። የቀረውን ከራስህ ሙላ። ካልሞላልህ ወለዱን ብቻ ከፍለህ ቀኑን አስገፋና አዲስ ወረቀት ተቀበል። በቃል ብቻ እንዳትወጣ። ይህን ለመክፈል ብለህ ከሌላ ሰው በወለድ እንዳትበደር። ያ አራጣ ቤት ቡና መጠጣት ነው።

ደግሞም ብላ። እህትህ ከስተሃል አለችኝ። ምስርህን እንኳ በጾሙ አትተው።

እናትህ እሑድ ስትደውል ምንም አትንገራት። ግን ከጠየቀችህ አትዋሻት። ከእሷ የምትደብቀውን እኔ እሸከምልሃለሁ፣ የምትዋሻትን ግን ራስህ ነህ የምትሸከመው፣ እስከ ሽበትህ።

አምባሩን ስታወጣ እጅህ ላይ አድርገህ ፎቶ ላክልኝ። በማንኛውም ሰዓት ላክ፣ እዚህ ሌሊት ቢሆንም። አልተኛም።

አባትህ